ጭብጨባ ኮድ አይጠግንም

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው፣ አዲስ አበባም ይኑር በርሊን፣ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ፕሮጀክትህን አስተዋውቅ። ማራኪ ስምና አርማ ፈልግለት። የኮድ ማከማቻ በሆነው ጂትሃብ ላይ ኮከብ ሰብስብ። በየጉባኤው ተነሥተህ ተናገር፤ ከማኅበራዊ ሚዲያም አትጥፋ። ከምክሩ ጀርባ ያለው ስሌት ለመረዳት አያስቸግርም፦ ስሙ ሲገንን ተጠቃሚ ይበዛል፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ከመካከሉ ኮድ የሚጽፍ ይወጣል፤ ኮድ የሚጽፍ ሲበዛ ገንዘብ ያለው ድርጅት ይመጣል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ዝና ይፈለግ ይባላል። ይህን በሥልጠና ላይ፣ በውድድር መድረክ ላይ፣ በሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይቀር እንሰማዋለን። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

እኔ ምክሩ ጎጂ ነው እላለሁ። ዝና የሚያመጣው ተጠቃሚን ነው። ተጠቃሚ ደግሞ ጥያቄ፣ አቤቱታና ጥድፊያ ይዞ ይመጣል፤ የሚጠግን እጅ ይዞ የሚመጣው እጅግ ጥቂቱ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ይቀይረዋል፣ ያሠራጨዋል። ስለዚህ ተጠቃሚው በዛ ማለት ገቢው በዛ ማለት አይደለም። በንግድ ሶፍትዌር ዘንድ እያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ አለ፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ አዲስ ተጠቃሚ የሚጨምረው ሥራን ነው። የሚመጣውን ኮድ የሚመረምር፣ ስህተት የሚያርም፣ አዲስ እትም የሚያወጣ ጠባቂ ሳያዘጋጅ ስሙን ያስጠራ ፕሮጀክት፣ ጠላው ሳይጠመቅ እንጀራው ሳይጋገር አገሩን ሁሉ ለድግስ በጠራ ሰው ላይ የሚደርሰው ይደርስበታል።

ኦፕን ኤስ ኤስ ኤልን እንውሰድ። ከባንክ ሒሳባችን ጋር ስንገናኝ ወይም ኢሜይል ስንከፍት መልእክታችን መንገድ ላይ እንዳይነበብ ከሚቆልፉት ሶፍትዌሮች ዋነኛው ነው። በ2014 (ከዚህ በታችም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለምን ድረ ገጾች ከሚያስተናግዱት ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ በእሱ ተማምነው ይሠሩ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሆነ። በዚህ ክፍተት የገባ ሰው በእያንዳንዱ ሙከራ ከሰርቨሩ ሜሞሪ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ መቅዳት ይችል ነበር፤ እዚያ ውስጥ የይለፍ ቃል ሊገኝ ይችላል፣ የምስጢር ቁልፉ ራሱም ሊገኝ ይችላል። ስህተቱ በማርች 2012 በወጣው እትም ገብቶ ከሁለት ዓመት በላይ ማንም ሳያስተውለው ኖሯል። ብዙዎችን ያስደነገጠው ግን ቀጥሎ የተሰማው ነው። ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ፕሮጀክት በመዋጮ የሚያገኘው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን ለሥራው የሰጠውም ሰው አንድ ብቻ ነበር።

የዝና ጠበቆች ይህን ታሪክ ለራሳቸው ይጠቅሱታል። «አያችሁ፣ ስሙ ባለመታወቁ ተረሳ፤ ሃርትብሊድ ስምና የሚደማ ልብ አርማ ተሰጥቶት ዜናው ዓለምን ሲያዳርስ ገንዘቡ መጣ» ይላሉ። ገንዘቡ በእርግጥ መጥቷል። በዚያው ወር የሊኑክስ ፋውንዴሽን አንድ የድጋፍ ፕሮግራም አቋቋመ፤ ጎግል፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና ሌሎች ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በዓመት 100,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ለመስጠት ቃል ገቡ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ያልታወቀ ፕሮጀክት አልነበረም። ተራው ሕዝብ ስሙን አልሰማ ይሆናል፤ ገንዘቡ ያላቸው ኩባንያዎች ግን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፣ በየሰርቨራቸው ላይ ጭነውት ነበርና። እያወቁት ሳይከፍሉ ኖሩ። ሁለተኛ፣ ፕሮጀክቱን ያቀናው ወሬው ሳይሆን ከወሬው በኋላ የመጣው ደመወዝ ነው፤ በገንዘቡ ሙሉ ጊዜያቸውን የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ተቀጠሩ። ደመወዙን ለማግኘት የግድ ዓለም መደንገጥ አለበት የሚል ሰው፣ ቀጣዩን አደጋ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ዝና ብቻውን እጅ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ኢንግረስ ኤንጂንኤክስ ዛሬ በደኅና ይገኝ ነበር። ኩበርኔትስ በተባለው ሥርዓት ላይ አገልግሎታቸውን የሚያሠሩ እጅግ ብዙ ድርጅቶች ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት በዚህ በር ያስገባሉ። የታወቀ ነው፣ በየሥልጠናው ይጠቀሳል፣ በጂትሃብ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮከቦች አሉት። በኖቬምበር 2025 የኩበርኔትስ ማኅበረሰብ ፕሮጀክቱ ጡረታ እንደሚወጣ፣ ጥገናውም ከማርች 2026 በኋላ እንደሚቆም አስታወቀ። ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯል፦ ለዓመታት ሥራውን የያዙት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እነሱም ከመደበኛ ሥራቸው በኋላና ቅዳሜና እሑድ። የሚያግዝ ሰው ተፈለገ፣ አልተገኘም። ከዚህ የበለጠ የሚታወቅ ፕሮጀክት ምን ያህል አለ? የበለጠ ማስታወቂያ ምን ይጨምርለት ነበር?

ማስታወቂያ ሰውን በብዛት ሲያመጣ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። ዲጂታል ኦሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2014 ጀምሮ በየኦክቶበሩ ሃክቶበርፌስት የሚባል ዘመቻ ያካሂዳል። ዓላማው መልካም ነበር፤ ሰዎችን ከክፍት ምንጭ ጋር ማስተዋወቅ። የ2020 ደንብ በወሩ ውስጥ አራት የኮድ ማሻሻያ ላቀረበ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ወሩ እንደገባ በዓለም ዙሪያ ያሉ የፕሮጀክት ጠባቂዎች በጎርፍ ተጥለቀለቁ። አንዱ በመግቢያው ጽሑፍ ላይ «ድንቅ ፕሮጀክት» የሚል ቃል ይጨምራል፤ ሌላው ነጠላ ሰረዝ ያዛውራል፤ ሌላው የሌላ ሰው ሥራ ገልብጦ ያቀርባል። እያንዳንዱን ከፍቶ፣ አንብቦ፣ ዋጋ የሌለው መሆኑን ለይቶ የሚዘጋው ያው ያለ ክፍያ የሚሠራው ጠባቂ ነው። ምሬቱ ስለበዛ ገና ኦክቶበር 3 ላይ ደንቡ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ ዘመቻው የሚመለከተው ወዶ የገባ ፕሮጀክትን ብቻ ሆነ።

ይህን የጥቂት ባለጌዎች ጥፋት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ያ ጎርፍ የመጣው ዘመቻው ስለከሸፈ ሳይሆን እንደታሰበው ስለሠራ ነው። ሰው ብዛት ተፈለገ፣ ሰው ብዛት ተገኘ። ጸሐፊዋ ናዲያ ኤግባል በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምትከራከረው፣ በክፍት ምንጭ ዓለም ኮድ በሽ በሽ ነው፤ ብርቁ ሀብት የጠባቂዎቹ ትኩረት ነው። አንድ ጠባቂ ማታ ከሥራ ተመልሶ ሁለት ሰዓት ቢኖረውና ያን ሁለት ሰዓት እንግዳ ሲሸኝ ቢያሳልፈው፣ በዚያ ሌሊት የሚታረም ስህተት የለም።

ስለ ኮከቡም ጥቂት ልበል። ወጣቶቻችን በሥራ ማመልከቻቸው ላይ የሚጽፉት፣ ባለሀብት ፊት የሚያቀርቡት ይህንኑ ቁጥር ነው። ኮከብ መስጠት አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፤ የሰጠው ሰው ሶፍትዌሩን ከፍቶት ላያውቅ ይችላል። በገንዘብም ይሸጣል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2024 መጨረሻ የወጣ ጥናት በጂትሃብ ላይ ሐሰተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም ያላቸውን ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮከቦች ለይቷል፤ ብዙዎቹም የተሰጡት አጥፊ ሶፍትዌር ለሚያሠራጩና ብዙ ሳይቆዩ ለሚጠፉ ገጾች ነበር። ሌባ በርካሽ የሚገዛውን ምልክት ታማኝ ሰው የሥራው መለኪያ ሊያደርገው አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ይህን አስተሳሰብ እንድጠላ ያደረገኝ የኤክስዜድ ዩቲልስ ነገር ነው። ኤክስዜድ ፋይል አምቆ የሚያሳንስ፣ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኝ መሣሪያ ነው። ለዓመታት የጠበቀው ላሴ ኮሊን የተባለ ፕሮግራመር ነው፤ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ። በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች በተደጋጋሚ እየጻፉ ያጣድፉት ጀመር፦ ሥራው ዘገየ፣ ማኅበረሰቡን በድለሃል፣ ለሌላ ሰው አስረክብ። ኮሊን አቅሙ እንደተዳከመና ሥራው ደመወዝ የሌለው መሆኑን አስረዳ። በዚያው ወራት ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው በትሕትና እያገዘ፣ ጥሩ ጥሩ ኮድ እያቀረበ ቀረበው፤ ውሎ አድሮም ሙሉ ሥልጣን አገኘ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ ስውር መግቢያ ቀበረ። ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ይፋ ባያወጣው ኖሮ እትሞቹ ስፍር ቁጥር ወደሌላቸው ሰርቨሮች ይገቡ ነበር። ፍሮይንድ ነገሩን የጠረጠረው ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል በመዘግየቱ ነው።

አጥቂዎቹ የጠባቂውን ድካም ከእኛ በተሻለ ተረድተውታል። በሩን የከፈተላቸው ግፊት የሚነገርበት ቋንቋ እኛ በየቀኑ የምንናገረው ነው፦ ለምን ዘገየ፣ ተጠቃሚ እየጠበቀ ነው፣ ፕሮጀክቱ ማደግ አለበት። ላሴ ኮሊን ያስፈለገው ተጨማሪ አድናቂ አልነበረም። የሚያስፈልገው ማንነቱ የሚታወቅ፣ የሚከፈለው፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ኮዱን የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ነበር።

የተቃራኒው ወገን ጠንካራ ማስረጃ ፋየርፎክስ የተባለው የኢንተርኔት ብራውዘር ነው፤ አልሸሸውም። ኖቬምበር 9 ቀን 2004 የፋየርፎክስ የመጀመሪያው ሙሉ እትም ወጣ። ዲሴምበር 16 ቀን በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሁለት ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጣለት፤ ወጪውን የሸፈኑት ወደ 10,000 የሚጠጉ ደጋፊዎች ነበሩ፣ ስማቸውም በጥቃቅን ፊደል እዚያው ላይ ታተመ። ከዚያ በፊት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እንዲህ ባለ ድምቀት ወደ ተራው ሰው ቀርቦ አያውቅም። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ፋየርፎክስ ከዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ወደ ሲሦ የሚጠጋውን ያዘ። እንግዲህ ማስታወቂያ ይሠራል ማለት ነው?

ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን ግን አትርሱ። ፋየርፎክስ የተወለደበትን የብራውዘር ኮድ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የከፈተው በ1998 ነው። በሁለቱ መካከል ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ድካም አለ፤ አሮጌውን ትተው ከመሠረቱ እንደገና የጻፉበት፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው መሐንዲሶች በየቀኑ የሚሠሩበት ዘመን። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ገበያውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ይዞ የራሱን ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን ከ2001 ወዲህ ቸል ብሎት ነበር። ፋየርፎክስን የሞከረ ሰው ብዙ ገጾችን በአንድ መስኮት ሲከፍት፣ እየዘለለ የሚወጣው ማስታወቂያ ሲታገድለት ልዩነቱን በዚያው ቀን ያየው ነበር። ማስታወቂያው ሰውን የጠራው ወደ ተዘጋጀ ነገር ነው። ከዚያ በኋላም የፋየርፎክስን ባለቤት ሞዚላን ያቆየው የጋዜጣው ገጽ ሳይሆን ጎግል ለፍለጋ አገልግሎቱ የሚከፍለው ገንዘብ ነበር። ጎግል በ2008 ክሮም የተባለውን የራሱን ብራውዘር ይዞ ሲመጣ የፋየርፎክስ ስም አልጠፋም፤ ዛሬም ስሙን የማያውቅ የኮምፒውተር ባለሙያ አይገኝም። ተጠቃሚው ግን ሄዷል። ስም ተጠቃሚን ማቆየት ቢችል ኖሮ እነዚያን ሰዎች ባቆየ።

ስም በክብር የሚወጣበትን መንገድ ማየት የሚፈልግ ብሌንደርን ይመልከት። ብሌንደር ባለ ሦስት አውታር ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ ነው። በ2002 ባለቤቱ የነበረው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ተዘጋ። የሶፍትዌሩ አባት ቶን ሮሰንዳል ከባለሀብቶቹ ጋር ተስማማ፤ 100,000 ዩሮ ከተገኘ ኮዱ ለሁሉም ይከፈታል ተባለ። ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ውስጥ ከተጠቃሚዎች ተሰበሰበ፣ በኦክቶበር 2002 ኮዱ ተከፈተ። ይህም ዘመቻ ነው፤ ነገር ግን ሰው የተጠራው ለጭብጨባ አልነበረም። የሚከፈለው ዋጋና በምትኩ የሚገኘው ነገር ቁልጭ ብሎ ተነግሮታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጥ ያስደንቀኛል። የብሌንደር ሰዎች ስለ መሣሪያቸው ከማውራት ይልቅ በመሣሪያቸው ፊልም ሠሩ። በ2006 የመጀመሪያውን አጭር ፊልም አወጡ፣ በ2008 ትልቅ ጥንቸል የሚተውንበትን ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሌሎችን። አርቲስቶቹና ፕሮግራመሮቹ በአንድ ቤት አብረው ይቀመጡ ነበር። አርቲስቱ አንድ ትዕይንት ላይ ሲቸገር ችግሩን ለፕሮግራመሩ ያሳያል፤ ፕሮግራመሩ መሣሪያውን ያስተካክላል፤ የተስተካከለው በቀጣዩ እትም ለዓለም ሁሉ ይደርሳል። ፊልሙ ማስታወቂያም ፈተናም ሆነ። ለዓመታት ብሌንደር ለመልመድ ያስቸግራል ሲባል ቆይቶ፣ በ2019 የወጣው 2.80 እትም ገጽታውን ከሥሩ ለወጠው። በዚያው ዓመት ኤፒክ ጌምስ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎችም በየዓመቱ ለጠባቂዎቹ ደመወዝ የሚውል ገንዘብ መክፈል ያዙ። በማርች 2025 «ፍሎው» የተባለው የላትቪያው ዳይሬክተር የጊንትስ ዚልባሎዲስ ፊልም በምርጥ አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ወሰደ። ወጪው 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር፣ የተሠራውም በብሌንደር ነው። በዚያ ሌሊት የብሌንደር ስም የደረሰበት ቦታ በኮከብ ቆጠራ የሚደረስበት አይደለም። ሃያ ዓመት ያለማቋረጥ የተከፈለበት ሥራ ነው ያደረሰው።

ኤስኪውላይትን ደግሞ በአጭሩ ላንሳ፣ ምክንያቱም ከታዋቂው ምክር አንዱንም አልተከተለም። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 የጀመረው ይህ አነስተኛ የመረጃ ቋት በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክና አይፎን ውስጥ አለ። ከውጭ የሚመጣ ኮድ አይቀበልም፤ ዋና መኖሪያውም ጂትሃብ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ይጠብቁታል፣ ለመፈተኛ የጻፉት ኮድ ከሶፍትዌሩ ኮድ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፣ በእሱ የሚጠቀሙ ትልልቅ ድርጅቶች በኅብረት ደመወዛቸውን ይከፍላሉ። እስከ 2050 ድረስ እንደሚጠግኑት በይፋ ቃል ገብተዋል። ዓለም የሚተማመንበት ይህን ቃል ነው።

ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ከገባ ወዲህ አማርኛ በብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ የሚነበበው በክፍት ምንጭ መሣሪያዎች አማካይነት ነው። በአንድሮይድ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ የአማርኛ ቃል ሃርፍባዝ በተባለ ሶፍትዌር በኩል ያልፋል፤ ፊደሉን የሚሥሉት እንደ ኖቶ ያሉ ነፃ ፎንቶች ናቸው። የእነዚህን ስም የሚያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። አለመታወቃቸው ግን ከአገልግሎታቸው ምንም አልቀነሰም፤ ምክንያቱም የሚጠብቃቸው ሰው አለ፣ ለሚጠብቃቸውም ሰው የሚከፍል አለ። በአንጻሩ ለቋንቋዎቻችን ተብለው የተሠሩ ስንት ፊደል ማረሚያዎች፣ ስንት የቁልፍ ሰሌዳዎች፣ ስንት መዝገበ ቃላት በምረቃቸው ሰሞን ተወርቶላቸው በቀጣዩ የስልክ እትም ላይ መሥራት አቆሙ! የጎደላቸው ወሬ አልነበረም። ከምረቃው በኋላ ባለው ማክሰኞ ስህተቱን የሚያርም ሰው ነው የጎደላቸው።

ሌላም ምሳሌ በአገራችን አለ። የጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ሥሩ ከአፓርታይድ ማግሥት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ዛሬ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። እንዴት ተስፋፋ? በየአገሩ የአካባቢውን ባለሙያዎች እያሠለጠነ፣ በየቦታው ራሳቸውን የቻሉ ቡድኖች እያቋቋመ፣ ከኖርዌይ መንግሥትና ከሌሎች ለጋሾች ለዓመታት የዘለቀ ገንዘብ እየተመደበለት። ለእኛ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ወረዳ ላይ ያለች ነርስ ሪፖርቷን የምትሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው እንጂ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አይደለም፤ ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ለእሷ በየወሩ የሒሳብ ሥራ ይጨምርባታል፣ ቁጥሩም ይዛባል። አንድ ሰው ይህን ተረድቶ፣ ኮዱን ጽፎ፣ ሲበላሽም እየጠገነ ቆይቷል። የሶፍትዌሩን ስም በወረዳና በጤና ጣቢያ ያስጠራው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ስለዚህ «ፕሮጀክቴን እንዴት ላሳውቅ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ወጣት የምመልሰው ይህን ነው። ያለ ማንም ርዳታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጫን የሚችል መሆኑን ኮምፒውተር እምብዛም በማያውቅ ሰው አስፈትነው። የአጠቃቀም መመሪያውን በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም ጻፍ፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ተጠቃሚ አይደለም ያለህ። የመጀመሪያው ጠያቂ ሲጽፍልህ በሳምንቱ ውስጥ መልስ ስጠው፣ «አሁን አልችልም» ቢሆንም እንኳ። ኮዱን ከአንተ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው እስክታገኝ ድረስ አዲስ ነገር አትጨምርበት። ከዚያ በኋላ ብትናገር እሰየው፤ ያኔ የሚመጣው እንግዳ የሚያርፍበት አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ በትልልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩ የአገራችን ልጆችም ፕሮጀክቱን በየገጻቸው ከማጋራት ይልቅ በወር ጥቂት ሰዓት ኮድ ቢመረምሩለት እጅግ የበለጠ ይረዱታል።

ጩኸት ፈጽሞ አያስፈልግም አልልም። የሚያስፈልግበት አቅጣጫ አለ፤ እሱም ተጠቅሞ ወደማይከፍለው ድርጅት ነው። በጃንዋሪ 2022፣ ሎግፎርጄ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው የደኅንነት ክፍተት ዓለምን ባሳሰበበት ሰሞን፣ ከርል የተባለውን በብዙ ቢሊዮን ቦታ የሚገኝ መሣሪያ የሚጠብቀው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ደብዳቤ ደረሰው። ኩባንያው ስቴንበርግን እንደ አቅራቢ ነጋዴ ቆጥሮ፣ ለረጅም የጥያቄ ዝርዝር በአፋጣኝ እንዲመልስ ጠየቀ። አንድ ሳንቲም ከፍሎት አያውቅም። ስቴንበርግ ደብዳቤውን የኩባንያውን ስም ሸፍኖ ለሕዝብ አወጣው፤ የድጋፍ ውል ከተፈራረምን በደስታ እመልሳለሁ ሲልም መለሰ። አደባባይ የሚያስወጣ ጉዳይ ይህ ነው።

እኛም ዘንድ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የማይጠቀም ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሚኒስቴር ያለ አይመስለኝም። የኮንፈረንስ አዳራሽ፣ የውድድር ሽልማት፣ ባነርና ቲሸርት በጀት ይገኝላቸዋል። በእያንዳንዱ የሶፍትዌር ጨረታ ሰነድ ውስጥ አንድ መስመር እንዲገባ እጠይቃለሁ፦ ሥራው የቆመባቸው ክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች በስም ይዘርዘሩ፣ ከውሉ ዋጋም የተወሰነው እጅ ለጠባቂዎቻቸው ይከፈል፤ ለውጭዎቹም፣ ከሁሉ በፊት ግን ለግዕዝ ፊደልና ለቋንቋዎቻችን መሣሪያ ለሚሠሩት። የሽልማቱን ገንዘብ ለሦስት ቀን ውድድር ከመስጠት ይልቅ ባለፈው ዓመት ያሸነፈውን ፕሮጀክት ለሚጠግኑ ሁለት ሰዎች የዓመት ደመወዝ አድርጉት።